ባማኮ፤ የሁለት ፎቶግራፍ ቤቶች ከተማ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ባማኮ የሚሄድ መንገደኛ የአፍሪካን ምድር ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ያቋርጣል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ከደጋዋ ከተማችን ወርዶ፣ ከባሕር ወለል 350 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ወደሚለው ሜዳ ሲደርስ አስቀድሞ የሚቀበለው ሙቀቱ ነው። ቀጥሎ የሚቀበለው የኒጀር ወንዝ ነው። ይህ ወንዝ 4,180 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ፣ ከዓባይና ከኮንጎ ቀጥሎ የአፍሪካ ሦስተኛው ረዥም ወንዝ ሲሆን፣ ባማኮን ከሁለት ከፍሎ ያልፋል። የከተማዪቱ ስም በባምባራ ቋንቋ ከአዞ ጋራ የተያያዘ ነው ይባላል፤ በዓርማዋም ላይ ሦስት አዞዎች ይታያሉ።

ይሁን እንጂ ዛሬ አንባቢዎቻችንን ወደ ባማኮ የምንወስዳቸው ወንዙንና አዞውን ለማሳየት አይደለም። ይህች ከተማ ለብዙ ዘመን ሳይነገርላት የኖረ ሌላ ሀብት አላት፤ እርሱም የፎቶግራፍ ሥራ ነው። በአንድ ዘመን፣ በአንድ ከተማ፣ ሁለት ፎቶግራፍ አንሺዎች ተነሥተው እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ ሄዶ ኑሮውን አቆመ። አንደኛው አንድ ዓይነት ሥራ ብቻ ይዞ በእርሱ ጸና። ሁለተኛው ደግሞ ከፎቶግራፍ ጋራ የተያያዘውን ሥራ ሁሉ ያዘ። ከሁለቱ የትኛው ብልህ ነበር? ይህ ጥያቄ ዛሬ በአዲስ አበባ፣ በጎንደር፣ በሐዋሳ ወይም በደሴ አነስተኛ ፎቶ ቤት ለከፈተ ወጣት የእንጀራ ጥያቄ ነው።

የእኛ አባቶች ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልስ ትተውልናል። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ። ነገር ግን ሁለቱንም ልያዝ ብሎ አንዱንም ያልጨበጠውን ሰው «ከሁለት ያጣ» ብለው የሚያዝኑለትም እነርሱው ናቸው። የባማኮን ነገር መመልከት የሚጠቅመን ሁለቱን አባባሎች የሚያስታርቅ ነገር ስለሚገኝበት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ከባቡር ጣቢያው አጠገብ

የእኛን ለገሐር የሚያውቅ ሰው የባማኮን የቀድሞ ኑሮ ለመረዳት አይቸገርም። ፈረንሳዮች ከካይ ከተማ ጀምረው የዘረጉት የባቡር ሐዲድ በ1904 ባማኮ ደረሰ፤ በ1920ዎቹም መሥመሩ ተገናኝቶ ከአትላንቲክ ጠረፍ፣ ከዳካር፣ ባቡር ያለ ማቋረጥ ይመጣ ጀመር። ርቀቱ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ባቡር በሚቆምበት ስፍራ ሁሉ እንደሚሆነው፣ በጣቢያው ዙሪያ ገበያ ደራ፤ ሲኒማ ተከፈተ፤ ነጋዴው፣ ጸሐፊው፣ ወታደሩና ዘመድ ጠያቂው ይተላለፍ ጀመር።

አቶ ሰይዱ ኬይታ በ1948 ፎቶግራፍ ቤታቸውን የከፈቱት በዚሁ አካባቢ፣ ባማኮ ኩራ በሚባለው ሰፈር ነው። የተማሩት የእንጨት ሥራ ነበር። ገና ልጅ ሳሉ፣ በ1935፣ አጎታቸው ከሴኔጋል ሲመለሱ ያመጡላቸው ትንሽ የኮዳክ ካሜራ ግን ከመጋዝና ከመዶሻ ለያቸው። ፊልም ማጠብንና ማተምን ከከተማው ባለሙያ ተማሩ፤ ፒየር ጋርኒየ ከሚባለው ፈረንሳዊ የፎቶግራፍ ዕቃ ነጋዴም ዕቃውንና ዕውቀቱን አገኙ።

ሥራቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ወደ ቤታቸው የመጣውን ሰው በክብር ማንሣት። በግቢያቸው ውስጥ በፀሐይ ብርሃን ያነሡ ነበር። ለመጋረጃ መጀመሪያ የተጠቀሙበት የራሳቸውን የአልጋ ልብስ ነው፤ በኋላም በየጥቂት ዓመቱ ሌላ አበባማና ሐረጋማ ጨርቅ ይተኩ ስለ ነበር፣ ዛሬ ሥዕሎቹ የተነሡበትን ዘመን ለመለየት የሚረዳው ያ መጋረጃ ሆኗል። ደንበኛው የሌለውን ነገር ከቤቱ ያገኛል፤ የአውሮፓ ልብስ፣ ሰዓት፣ ራዲዮን፣ ብዕር፣ ሞተር ብስክሌትም ሳይቀር ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ሴቶቹ ሰፊ ቀሚሳቸውን ዘርግተው፣ ወርቃቸውን አሳይተው፣ ገለል ዘንበል ብለው ይቀመጣሉ። አቶ ሰይዱም የእጃቸውን አቀማመጥና የፊታቸውን አቅጣጫ ካስተካከሉ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ያነሣሉ።

አንድ ጊዜ ብቻ የማንሣታቸው ነገር የሥራቸው ሒሳብ ምሥጢር ነው። ካሜራቸው 13 በ18 ሳንቲ ሜትር የሆነ ትልቅ ነጌቲቭ የሚሠራ ነበር። ነጌቲቩ ትልቅ በመሆኑ ማሳደጊያ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ በወረቀቱ ላይ ተደርቦ ብርሃን ካገኘ በዚያው ልክ ይታተማል። እንግዲህ መጋረጃው አንድ፣ ካሜራው አንድ፣ የወረቀቱ መጠን አንድ፣ አሠራሩም አንድ ሆነ ማለት ነው። እጃቸው ያንኑ ሥራ ሺሕ ጊዜ ስለ ደጋገመው ስሕተት አነሰ፤ ጊዜም አተረፉ። በዕረፍት ቀን ደንበኛ በደጃቸው ተሰልፎ ይጠብቅ ነበር። ከሥዕሉ ላይ «ፎቶ ኬይታ ሰይዱ» የሚለውን ማኅተማቸውን ያደርጉ ስለ ነበርም ማኅተሙ ያለበትን ሥዕል መያዝ ራሱ ኩራት ሆነ።

በባጋዳጂ ሰፈር

ከዚያ ሳንርቅ፣ ባጋዳጂ በሚባለው ሰፈር፣ ሌላ ዓይነት ፎቶግራፍ ቤት እናገኛለን። ባለቤቱ አቶ ማሊክ ሲዲቤ ሲሆኑ የተወለዱት ሶሎባ በምትባል መንደር ነው። ሥዕል የመሣል ተሰጥዎ ስለ ነበራቸው ባማኮ በሚገኘው የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ገቡ። በ1955 ዤራር ጊያ የሚባል ፈረንሳዊ ፎቶግራፍ ቤቱን እንዲያስጌጡለት ጠራቸውና በዚያው ተለማማጅ ሆነው ቀሩ። ፈረንሳዊው የአውሮፓውያንን ግብዣ ሲያነሣ፣ ወጣቱ ማሊክ በብስክሌት እየዞሩ የአፍሪካውያኑን ድግስ ያነሡ ጀመር። ማሊ በ1960 ነጻነቷን ባገኘችበት ዘመን አካባቢ ደግሞ «ስቱዲዮ ማሊክ» የተባለውን የራሳቸውን ቤት ከፈቱ።

በዚህ ቤት ውስጥም እንደ አቶ ሰይዱ ቤት መጋረጃ ተሰቅሎ ሰው ይነሣ ነበር። የመታወቂያ ጉርድ ፎቶግራፍም ይሠራ ነበር። ነገር ግን ቅዳሜ ማታ ሲሆን አቶ ማሊክ ካሜራቸውንና ብልጭታቸውን አንግበው ይወጣሉ። የባማኮ ወጣቶች በየሰፈሩ ክበብ አቋቁመው፣ ከውጭ አገር የመጣውን የትዊስትና የሮክ ሸክላ እያስጮኹ የሚጨፍሩበት ዘመን ነበርና በአንድ ሌሊት ከአንዱ ጭፈራ ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ ያነሣሉ። በማግሥቱም ወጣቶቹ ወደ ኒጀር ዳርቻ ወርደው ሲዋኙና ሻይ ሲያፈሉ እዚያም ይገኛሉ። ከዚያ ወደ ጨለማ ክፍላቸው ገብተው ፊልሙን ያጥባሉ፤ ትንንሽ ሥዕሎችንም አትመው ቁጥር እየሰጡ በወረቀት ክላሴር ላይ ይለጥፉና ከቤታቸው ደጅ ያወጡታል። ወጣቱ መጥቶ ራሱን ይፈልጋል፤ ጓደኛውን ያያል፤ ይሥቃል፤ የወደደውንም በቁጥሩ ያዝዛል።

በዚህ አሠራር የሚያስደስት ነገር ቢኖርም የሚያሠጋም ነገር አለ። አቶ ሰይዱ ሥዕሉን የሚያነሡት አስቀድሞ ላዘዛቸው ሰው ነው፤ ስለዚህ የሚባክን ወረቀት የለም። አቶ ማሊክ ግን ፊልሙን፣ ወረቀቱንና መድኃኒቱን በራሳቸው ገንዘብ ገዝተው፣ ሌሊቱን በድካም አሳልፈው፣ ከዚያ በኋላ ገዥ ይጠብቃሉ። ሳይገዛ የቀረው ሥዕል ሁሉ ኪሣራ ነው። ይህን ኪሣራ የሚችሉት በቀን ሥራቸው፣ ማለትም በጉርድ ፎቶግራፉና ካሜራ በመጠገን በሚያገኙት ገቢ ነበር። አዎን፣ ካሜራ ይጠግኑም ነበር፤ የከተማው ፎቶግራፍ አንሺ ሁሉ የተበላሸበትን መሣሪያ ይዞ ወደ ባጋዳጂ ይመጣ ነበር።

ልዩነቱ ከምን መጣ?

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዲያስተውል እንፈልጋለን። ሁለቱ ሰዎች የተለያየ መንገድ የያዙት በጠባያቸው ልዩነት ብቻ አልነበረም፤ የቆሙበት ቦታም ያግዛቸው ነበር። ባቡሩ በየጊዜው አዲስ ሰው ያመጣላቸው የነበሩት አቶ ሰይዱ ደንበኛ ፍለጋ ከደጃቸው መራቅ አያስፈልጋቸውም ነበር። ከካይ ወይም ከዳካር የመጣ መንገደኛ አንድ ጊዜ ተነሥቶ ቢሄድ እንኳ ነገ ሌላ ይመጣል። ብዙ ሰው በሚያልፍበት መንገድ ዳር የቆመ ሰው አንድ ሥራ ብቻ መያዝ ይችላል።

በሰፈር ውስጥ ያለ ፎቶግራፍ ቤት ግን ዕድሉ ሌላ ነው። የሰፈሩ ሰው ለመታወቂያው አንድ ጊዜ ከተነሣ፣ ዳግመኛ እስኪመጣ ድረስ ዓመት ሊያልፍ ይችላል። እንዲህ ያለው ቤት አዲስ ሰው በየቀኑ ስለማይመጣለት፣ የታወቀውን ሰው በሌላ ምክንያት እንደ ገና ማግኘት አለበት። ቀን ለመታወቂያ የተነሣው ወጣት ማታ በጭፈራው ላይ፣ እሑድ በወንዙ ዳር ይነሣል። ሥራው ሦስት ይሁን እንጂ ደንበኛው አንድ ነው።

የአቶ ማሊክን ብልሃት ከተራ መዋተት የሚለየው ይህ ነው። እርሳቸው እህል ነጋዴ፣ ልብስ ሰፊና ፎቶግራፍ አንሺ አልሆኑም። የያዙት ሥራ ሁሉ ከአንድ ግንድ የበቀለ ቅርንጫፍ ነበር፤ ግንዱም ካሜራውና የባማኮ ወጣት ነው። አንዱ ሥራ ለሌላው ደንበኛ ያመጣል፤ አንዱ ዕውቀት ሌላውን ያግዛል። ካሜራ መጠገን የሚያውቅ ሰው በእኩለ ሌሊት በጭፈራ መካከል መሣሪያው ቢበላሽበት አይጨነቅም።

ዘመን ሲለወጥ

የሥራ ምርጫ የሚፈተነው ገበያ በደራ ጊዜ ሳይሆን ዘመን በተለወጠ ጊዜ ነው። ከነጻነት በኋላ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የማሊ መንግሥት አቶ ሰይዱን ጠርቶ የመንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ አደረጋቸው። ሹመቱ ክብር ነበር፤ ነገር ግን ያ በሰልፍ ይጠበቅ የነበረው ፎቶግራፍ ቤት በዚሁ ምክንያት ተዘጋ። ብዙ ሺሕ ደንበኛ የነበራቸው ሰው አንድ ደንበኛ ብቻ ያላቸው ሆኑ። በ1968 መንግሥቱ በወታደሮች ተገልብጦ ሌላ ተተካ፤ እርሳቸውም በ1977 ጡረታ ወጡ። ነጌቲቮቻቸው ግን ከነሣጥናቸው ተጠብቀው ቆዩ።

ለባጋዳጂው ቤት ደግሞ ፈተናው ከሌላ አቅጣጫ መጣ። ባለቀለም ፊልም በተስፋፋ ጊዜ፣ ማጠቢያና ማተሚያ መሣሪያው በራሱ የሚሠራ ሆነና፣ ጥቁርና ነጭ ሥዕል በጨለማ ክፍል የሚያትም ባለሙያ ገበያው ቀዘቀዘ። ርካሽ ካሜራም በየሰው እጅ ገባ፤ ጭፈራውን የሚያነሣው ጨፋሪው ራሱ ሆነ። ይሁን እንጂ ካሜራው በበዛ ቍጥር የሚበላሸውም ይበዛልና፣ አቶ ማሊክ ቀድሞ እንደ ትርፍ ሥራ የያዙት ጥገና በዚያ ጊዜ የቤቱ ምሰሶ ሆኖ ተገኘ። የስቱዲዮውን መደርደሪያ የሞሉት አሮጌ ካሜራዎች የዚያ ዘመን ምስክሮች ናቸው። አንዱ ባላ ሲሰበር በአንዱ መንጠልጠል ማለት እንዲህ ነው።

ታዲያ አቶ ሰይዱ ተሳስተው ነበር እንበልን? አይደለም። በ1991 በኒው ዮርክ አንድ የአፍሪካ ጥበብ ኤግዚቢሽን ሲከፈት፣ አንሺው ያልታወቀ ተብለው የባማኮ ሥዕሎች ታዩ። ያዩአቸው ሰዎች ይህን የሠራ ማን ነው ብለው ጠየቁ፤ ፍለጋውም እስከ ባማኮ ደርሶ አቶ ሰይዱን አገኛቸው። በ1994 በፓሪስ በካርቲየ ፋውንዴሽን የእርሳቸው ሥራ ለብቻው ታየ። በዚያው ዓመት በባማኮ ከተማ የአፍሪካ ፎቶግራፍ ትልቅ ጉባኤ ተጀመረ። ያ አንድ ዓይነት መጋረጃ፣ አንድ ዓይነት ብርሃን፣ አንድ ዓይነት ጥንቃቄ ነው ሥዕሎቹን ስም ሳይጻፍባቸው እንኳ የአንድ እጅ ሥራ መሆናቸውን ያስመሰከረው። አቶ ሰይዱ በ2001 ዐረፉ። አቶ ማሊክም በ2003 የሃሰልብላድን ሽልማት፣ በ2007 ደግሞ በቬኒስ የዕድሜ ልክ ሥራ የወርቅ አንበሳን ተሸልመው፣ በ2016 ዐረፉ። ሁለቱንም ሽልማት ከአፍሪካውያን መጀመሪያ ያገኙት እርሳቸው ናቸው።

ነገር ግን ሽልማትና ዝና የመጡት የፎቶግራፍ ቤቱ ገበያ ካለፈ በኋላ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ልጆቻቸውን ያበላው የፓሪስ ኤግዚቢሽን ሳይሆን ደጃቸው የቆመው ደንበኛ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ

በእኛም አገር የፎቶግራፍ ሥራ የቆየ ታሪክ አለው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጃን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ፣ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም ሙያውን ወርሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሠርተዋል። የነገሥታት ሥዕል ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ልዩ ሙያ ነበር። ነገር ግን በ1974 ዙፋኑ ሲወርድ የዚህ ዓይነቱ ሥራ ዘመንም አብሮ አለፈ።

ዛሬ በከተማችን መንገድ የሚሄድ ሰው የፎቶ ቤቶችን ማስታወቂያ ቢያነብ «ጉርድ ፎቶ፣ ሠርግ፣ ልደት፣ ምርቃት፣ ቪዲዮ፣ ፎቶኮፒ፣ ላሚኔሽን» የሚል ረዥም ዝርዝር ያያል። ይህ ዝርዝር ከችግር የመጣ ነው። ጉርድ ፎቶ ለብዙ ፎቶ ቤቶች የዘወትር ዳቦ ነበር፤ አሁን ግን የፋይዳ መታወቂያ ሲወጣ የሰውየውን ፊት የሚያነሣው እዚያው የመዝጋቢው መሣሪያ ነው። ልደቱንና ሽርሽሩን ደግሞ ሰው ሁሉ በእጅ ስልኩ ያነሣል። በባማኮ ባለቀለም ፊልም ያደረሰውን ለውጥ በእኛ ዘንድ ስልክ አድርሶታል ማለት ነው።

እንግዲህ ወጣቱ ፎቶግራፍ አንሺ ምን ይምረጥ? ከባማኮ ሁለት ቤቶች የምናገኘው ምክር በሦስት ጥያቄ ሊጠቃለል ይችላል።

የመጀመሪያው፣ በደጄ የሚያልፈው ሰው ምን ያህል ነው? የሚል ነው። በየቀኑ አዲስ ሰው በሚያልፍበት ስፍራ የቆመ አንዱን ሥራ አጥብቆ ይያዝ፤ ስሙ በእርሱ ይጠራ። ያው የሰፈር ሰው ብቻ የሚመላለስበት ከሆነ ግን ያንኑ ሰው ከልደቱ እስከ ሠርጉ ሊከተለው ይገባል።

ሁለተኛው፣ የምጨምረው ሥራ ከያዝኩት ጋራ ዝምድና አለው ወይ? የሚል ነው። ሠርግ የሚያነሣ ሰው አልበም ቢጠርዝ፣ የተጋቢዎቹን አያቶች አሮጌ ሥዕል ቢያድስ፣ ለግድግዳ የሚሆን አሳድጎ በክፈፍ ቢያዘጋጅ፣ ሁሉም ወደ አንድ ቤት የሚያስገባ በር ነው። ፎቶኮፒ ግን የቤት ኪራይ ይከፍል ይሆናል እንጂ የፎቶግራፍ ደንበኛ አያፈራም። ቢይዙትም ለኪራዩ ብለው እንደያዙት ማወቅ ይገባል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው፣ ሥራዬ በአንድ ሰው እጅ ነው ወይስ በብዙ ሰው? የሚል ነው። አንድ ዓይነት ሥራ መያዝና አንድ ደንበኛ መያዝ አንድ ነገር አይደሉም። አቶ ሰይዱ አንድ ዓይነት ሥራ ይዘው ብዙ ደንበኛ በነበራቸው ጊዜ ቤታቸው ደራ፤ ደንበኛው አንድ በሆነ ጊዜ ግን ቤቱ ተዘጋ። ዛሬም ለአንድ ሆቴል ወይም ለአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ እየሠራ ልዩ ባለሙያ ነኝ የሚል ወጣት ይህን ደጋግሞ ቢያስብበት መልካም ነው።

ከዚህ በላይ አንድ ነገር እንጨምር። በአገራችን ሰው ሲሞት ለቅሶ ላይ ክፈፍ ገብቶ የሚቆመው ሥዕል ብዙ ጊዜ አንድ ቀን ለጉዳይ ተብሎ በችኮላ የተነሣ ጉርድ ፎቶ ነው። ቤተ ሰቡ ሌላ ደኅና ሥዕል ስለሌለው እርሱኑ ያሳድገዋል። በስልክ የተነሣው ብዙ ሺሕ ሥዕልም ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። እናቱን ወይም አባቱን በሕይወት ሳሉ፣ በመልካም ልብሳቸው፣ በረጋ ፊት፣ በደኅና ወረቀት ላይ አንሥቶ የሚያስቀርለት ባለሙያ የሚፈልግ ሰው በየሰፈሩ አለ። አቶ ሰይዱ በአንድ የአልጋ ልብስ የጀመሩት ሥራ ይኸው ነበር። በእኛም ከተሞች ይህን ሥራ በጥንቃቄ የሚይዝ፣ ነጌቲቩን ወይም የዲጂታል ቅጂውን ከነቀኑ አደራጅቶ የሚያኖር፣ በሥዕሉ ጀርባም ስሙን የሚያትም ፎቶ ቤት ቢገኝ ደንበኛ የሚያጣ አይመስለንም።